ማር የማይገባበት ጾም

በፋሲካ ማግስት ምግብ ቤት ገብታችሁ “የጾም አለ?” ብላችሁ ታውቃላችሁ? ደሴ ላይ እስቲ ሞክሩት። አስተናጋጇ መጀመሪያ ፊታችሁን ታያለች። ቀጥላ አንገታችሁ ላይ ማተብ ትፈልጋለች። ከዚያ ገብታ ከሥጋ ቆራጩ ጋር በመስኮት ታያችኋለች። ይህን የማውቀው ደርሶብኝ ነው። እሱን ግን ኋላ አወራችኋለሁ።

እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቤታችን የሥጋ ወጥ ሲሸት ጎረቤት መስኮቱን የሚዘጋብን። ስለ ጾም ምን አግብቶኝ? እንጀራ ሆነና ገባሁበት።

ጊዜው ኢሕአዴግ ገብቶ የተደላደለበት፣ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ተቀምጦ ግለ ሂስ የሚያወርድበት ነው። እኔ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። አና የምትባል ሆላንዳዊት ለአንድ ዓመት መጣች። የተከራየችው እዚያው ሆጤ፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ነው። እትዬ ዘነቡ በማግስቱ “ሐና” አሏት፤ ሐና ሆና ቀረች።

ሐና ከእንስሳ የመጣ ነገር አትቀምስም። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ዕንቁላል የለ። በሰው አገር ዓመት ሙሉ ምን በልታ ልትኖር ነው ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ የመጣችው ሁዳዴ ሲገባ ኖሯል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ተልባው፣ የሱፍ ፍትፍቱ! እንዲህ ያለ አገር አላየሁም አለች። እትዬ ዘነቡም “ፈረንጅ ሆና ስትጾም!” እያሉ ለሰፈሩ አወሩላት።

ፋሲካ መጣ። እትዬ ዘነቡ ዶሮ ሠርተው “በይ ፈስኪ” አሏት። ሳቅ ብላ አይሆንም አለች። እሺ ወተት? አይሆንም። “እንግዲያው ማር ላሺ፤ ማር እኮ የጾም ነው” አሏት። እሱም የንብ ነው፣ አይሆንም አለች። እኔም ተረጎምኩ። እትዬ ዘነቡ የማር ሳህኑን እንደያዙ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ይኼ ጾም አይደለም፣ ቀኖና ነው። የነፍስ አባቷ የሰጧት ቅጣት ነው። ማንን ገድላ ነው?” አሉኝ።

ሳቅሁ። ባልስቅና ያኔውኑ ባስረዳ ይሻል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ወሬው ኮምቦልቻ ወረደ።

ኮምቦልቻ ላይ ያገኘው የእኛን ሹፌር ጋሽ ይመርን ነው። ጋሽ ይመር ዝምተኛ ሰው ናቸው፣ ሥጋ ወዳድ። እሳቸው ሙስሊም ስለሆኑ ምሳ የምንበላው ሙስሊም ቤት ነው፤ እኔ እንደሆንሁ ለሁለቱም ቢላ ግድ የለኝም። ጋሽ ይመር አንድ አመል አላቸው። ጉድጓዶቹ ደጋን የምትባል ከተማ አካባቢ ስለነበሩ በየሳምንቱ በዚያ እናልፋለን። ደጋን ሲደርሱ መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚሄዱት። በእግር ብንሄድ እንቀድም ነበር እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። አፌን በቆረጠው!

እንግዲህ አንድ ቀን ጥብሱ ሲቀርብ ገፋ አድርገው ከሐና ሽሮ ጎረሱ። በማግስቱም እንዲሁ። ለአረፋ በግ አርደው ለጎረቤት አከፋፈሉ፣ ራሳቸው አልቀመሱም። የሐና ደስታ አይነገርም፤ ለእንስሳት የሚያዝን ሰው አገኘሁ ብላ ለእናቷ ጻፈች። ሰውዬው ግን ቀበቷቸውን በሚስማር ይበሳሉ። ባለቤታቸው ቢሮ ድረስ መጥተው፣ ባሌን ምን አደረጋችሁብኝ አሉ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ይመር ደጋን ላይ መኪናውን ዳር አስይዘው አቆሙ። ነገሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዓመታት በፊት የጭነት መኪና ሲነዱ፣ እዚያው ቦታ ላይ የአንድን መንገደኛ ኮፍያ ነፋስ ወሰደው። ሰውዬው ሊያነሳው መንገዱ ላይ ጎንበስ አለ። ጋሽ ይመር ፍሬን ያዙ። አልደረሱም። ኮፍያው ግን ምንም አልሆነ፣ ነጭ እንደሆነ ቀረ አሉኝ። እሱን ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። ሽማግሌ ገባ፣ ቤተሰቡም ይቅር አለ። ሸኹ ደግሞ፣ ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከፋራው፣ ማለት የኃጢአቱ ማካካሻ፣ ሁለት ወር ሳያቋርጡ መጾም ነው አሏቸው።

“ወላሂ አንዲት ቀን አልገደፍኩም። አለቀ ብዬ ነበር። ይህች ሴትዮ ግን ዕድሜ ልኳን ነው አሉ። የኔ ሁለት ወር በቅቶ ይሆን? እስቲ በአላህ ጠይቅልኝ።”

ሐና ከኋላ ተቀምጣ ምን አሉ ትለኛለች። ለምን ሥጋ እንደማትበዪ ነው የጠየቁት አልኳት። እኔ ማንንም ገድዬ አላውቅም፣ በእኔ ሰበብ አንድም ፍጡር እንዳይሞት ነው አለች።

ቆንጆ መልስ ነው። ግን ለጋሽ ይመር እንዴት አድርጌ ልስጣቸው? ያልገደለችው ዕድሜ ልክ ከጾመች፣ የገደለው ስንት ሊጾም ነው? መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ፈራሁ። እኒህ ሰው በረሃብ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል ይባል የለ?

“አዎ፣ ሰው ገጭታ ገድላለች” አልኳቸው። “እሷንም ሁለት ወር ይበቃሻል ብለዋት ጾማ ጨርሳለች። አሁን ሆዷ ለምዶባት ነው እንጂ የቀረባት የለም።”

ጋሽ ይመር ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው አለቀሱ። ሐና ከኋላ ትከሻቸውን ያዘች። ለላሞቹ የሚያለቅሱ መስሏታል።

በማግስቱ ጥብስ አዘዙ። ሐና ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች።

ዓመቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ወጥቶ ሸኛት። እትዬ ዘነቡ “እግዜር ይፍታሽ” ብለው አገላብጠው ሳሟት። ጋሽ ይመር ከነባለቤታቸው “አላህ ይቅር ይበልሽ” ብለው ዱዓ አደረጉላት። ምን አሉኝ አለች፣ እንባዋ እየወረደ። በሰላም ግቢ ነው አልኳት።

እትዬ ዘነቡ ዛሬም ክፍሉን ሲያከራዩ “ያቺ ነፍሰ ገዳይ የነበረችበት” ይሉታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ጋሽ ይመር ያጠፉት ነፍስ ነው፣ ሁለት ወር ጾመው ጨረሱ። እኔ ያጠፋሁት ስም ነው። ለስም ስንት ወር ነው? እትዬ ዘነቡ የነፍስ አባት አላቸው፣ ጋሽ ይመር ሸኽ አላቸው። እኔም ፓስተራችንን ጠየቅሁ። ጌታ ይቅር ብሎሃል፣ ሂድና ብላ አለኝ።

ሄድኩ። ቀኑ የፋሲካ ማግስት ነው። ጥብስ ልል አፌን ስከፍት “የጾም አለ?” የሚል ወጣኝ። አስተናጋጇ ፊቴን አየች። ማተብ የሌለበትን አንገቴን አየች።

“አንተ ጴንጤው አይደለህ እንዴ? ማንን ገድለህ ነው?” አለች እየሳቀች።

“አንዲት ፈረንጅ” አልኳት።

ሽሮው ወዲያው መጣ።