ሞት የሌለበት ጌም

ጉረኛ ሰው ጡረታ አይወጣም! ዓይኑ ይደክማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ምላሱ ግን... እሷ ጭራሽ ትጎለምሳለች። ካላመናችሁኝ የሟች ባለቤቴን ወንድም መርዕድን መጥታችሁ እዩልኝ።

በወጣትነታችን ፒያሳ፣ ዛሬ ፈርሶ መንገድ የሆነው ቦታ ላይ፣ አንድ ጌም ቤት ነበር። ሳንቲም ትጨምራላችሁ፤ ከላይ የሚወርዱትን የጠፈር መርከቦች ትተኩሳላችሁ። መርዕድ የዚያ ቤት ንጉሥ ነኝ ባይ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ፊት አሸነፍኩት። ምን ብሎ አስወራ መሰላችሁ? «ሴት ናት ብዬ ለቀቅኩላት!» ሠርጌ ላይ እንኳ ይህንኑ ሲያወራ ነበር። ይቅር ያልኩት ከመሰላችሁ አታውቁኝም።

ባለፈው የጊዮርጊስ ዕለት ዝክር ብሎ ጠራን። ልጁ ምሕረት የእጅ ጌም ገዝታለታለች፤ የዚያን ዘመን ጌሞች በሙሉ መዳፍ በምታክል ዕቃ ውስጥ ታጭቀዋል። ዘመድ ከቦት ያጨበጭባል። ነጥቡማ... ያኔ ማንም አልሞ የማያውቀው!

«ዘውዴ፣ ነይ እስቲ ሞክሪ» አለኝ።

«ኧረ ይቅርብኝ።»

መቼም ታውቁታላችሁ፤ የመጀመሪያው እምቢታ ለይሉኝታ ነው። «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፤ ከዚያ እየተግደረደርን እንነሣለን። ጣቶቼን ነጠላዬ ሥር እያፍታታሁ «በሞቴ»ን ስጠብቅ...

«እሺ፣ ካልሽ» ብሎ ጨዋታውን ቀጠለ!

ምሳው ቀርቦ እስኪነሣ አኩርፌ አውራ ጣቱን ሳይ ቆየሁ። የራሱ መርከብ በተመታ ቁጥር አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ወዲያው የሞተው ይነሣል!

«ምሕረት፣ ያቺ ቁልፍ ምንድን ናት?»

«ሲሞቱ ወደ ኋላ ትመልስዎታለች፣ እትዬ። ለጀማሪዎች ናት።»

ለጀማሪዎች! ይሉኝታዬን እዚያው ጥዬ ተነሣሁ።

«በል መርዕድ፣ ቁልፏን ሳትነካ ተጫወት። ከዚያ እኔ።»

«አሁን እኮ በላን፣ ትንሽ ይውረድልኝ...»

«ዘመድ እያየህ ነው!»

ተጫወተ። የራሱ መርከቦች አፍታ ሳይቆዩ ረገፉ። እኔ ተቀበልኩት። ጣቶቼን ሪህ ይዟቸዋል፤ ቂሜን ግን ምንም አልያዘውም። አለፍኩት... ደግሞም በብዙ!



«አባዬ፣ ዛሬም ለቀቅክላቸው?» አለችው ምሕረት።

«መነጽሬን አላደረግኩም እኮ!»

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው!

ዘመዶቹ ደግሞ ዞረው በእኔ ላይ! «ስኳር ያለበትን ሰው እንዲህ ማድረግ ምን ይባላል?» አሉኝ። ማሸነፍ ነዋ የሚባለው!

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውላል። «እንድገመው» ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አላነሣም። እሱ ቀን ከሌት ይለማመድ፤ እኔ እንዳሸነፍኩ እሞታለሁ።