ወጥ ሠሪና ዘበኛ በፖሊስ መስኮት

[ጅማ፣ የጡረታ ቢሮ። አንዱ መስኮት የፖሊስ፣ ሌላው የሲቪል ነው። የመንግሥት ቡና መጋዘን ዘበኛው ጥላሁን፣ የፖሊስ ጣቢያ ወጥ ሠሪውን ላቀውን በኮቱ ጎትቶ ከፖሊሱ ሰልፍ ያወጣዋል።]

ላቀው፦ ኧረ ማሎ፣ እባክህ! ኮቴን ቀደድከው!

ጥላሁን፦ ለራስህ ብዬ ነው። ይሄ የፖሊስ ሰልፍ ነው። ወጥ ሠሪ በዚያ በኩል።

ላቀው፦ የጣቢያው አዛዥ ናቸው እዚህ ቁም ያሉኝ።

ጥላሁን፦ ቀልደውብህ ነው። ፖሊስ ከሲቪል ቀድሞ ጡረታ ይወጣል። ሽንኩርት የላጠ ሁሉ ቀድሞ ከወጣ አገሩን ማን ሊያበላው ነው?

ላቀው፦ አንተስ ዘበኛ አይደለህ?

ጥላሁን፦ ይሄ ምንድን ነው?

ላቀው፦ ፊሽካ።

ጥላሁን፦ ይሄስ?

ላቀው፦ ዱላ።

ጥላሁን፦ ልብሴስ?

ላቀው፦ ሰማያዊ።

ጥላሁን፦ ታዲያ ፖሊስ ለመሆን ምን ቀረኝ?

ላቀው፦ ሌባ።

ጥላሁን፦ ሌባማ እኔ ባለሁበት ዝር አይልም! አንተ ይዘህ ታውቃለህ?

ላቀው፦ አንዴ። በጭልፋ።

ጥላሁን፦ ምን ሰርቆ?

ላቀው፦ ቅልጥም፣ ከድስቱ። ኢንስፔክተሩ ነበሩ። ለቀቅኳቸው።

ጥላሁን፦ የጣቢያው ውሻ እንኳ ይሻላል፤ እሱ ያሸታል።

ላቀው፦ እኔም አሸታለሁ፤ ወጥ ሲያር።

ጥላሁን፦ ሕጉን ስማ። የሚጠብቅ ሁሉ ፖሊስ ነው። የሚያበስል ሁሉ ሲቪል ነው። አለቀ።

ላቀው፦ የኳስ በረኛስ?

ጥላሁን፦ [ትንሽ አስቦ] ጎል ካልገባበት ፖሊስ ነው።

ላቀው፦ እኔ ግን ያኔ ስቀጠር...

ጥላሁን፦ አታቋርጠኝ!

ላቀው፦ እሺ። ግን ብትሳሳትስ?

ጥላሁን፦ እኔ? ዛሬ ጠዋት ሥራዬን ለቅቄ ነው የመጣሁት! ለባለቤቴ ለሽታዬም ከእንግዲህ በጠዋት እንዳትቀሰቅሺኝ ብያታለሁ።

ላቀው፦ ምን አለች?

ጥላሁን፦ "መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ ልቀቅ" አለች። እስቲ አሁን ይሄ ምክር ነው?

[የመስኮቱ ሠራተኛ ወርቂቱ ብቅ ትላለች።]

ወርቂቱ፦ ቀጣይ!

ጥላሁን፦ [ደረቱን ነፍቶ] ጥላሁን፣ የቡና መጋዘን ጥበቃ! የፖሊስ ጡረታ!

ወርቂቱ፦ ጋሼ፣ የመጋዘን ጥበቃ ሲቪል ነው። ስድሳ ሲሞላዎት በዚያኛው መስኮት ይምጡ።

ጥላሁን፦ ልብሴን አታዪም?

ወርቂቱ፦ በልብስ አይደለም። በፖሊስነት ሠልጥኖ የተቀጠረ ነው የሚስተናገደው። ቀጣይ!

ጥላሁን፦ [በንዴት] ሂድ ላቀው፣ አንተንም ታባርርህ!

ላቀው፦ ኮንስታብል ላቀው ነኝ።

ወርቂቱ፦ ኮንስታብል፣ ይግቡ። ሲጠበቁ ነበር።

ጥላሁን፦ ማል? ምን አልክ? አንተ ኮንስታብል?

ላቀው፦ ኤዬ፣ ነኝ። ልነግርህ ስል አታቋርጠኝ አልከኝ። ሠልጥኜ ነው የገባሁት። ወጥ ሠሪዋ ስትወልድ ለጊዜው ወጥ ቤቱን ያዝ ተባልኩ። ሽሮዬን ከቀመሱ በኋላ ማን ያስወጣኝ?

ጥላሁን፦ ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?

ላቀው፦ የተወለደው ልጅ ዘንድሮ አገባ።

[በማግስቱ ጥላሁን ሥራውን እንዲመልሱለት ሊለምን ወደ መጋዘኑ ሄደ። አዲሱ ዘበኛ በሩ ላይ አስቁሞት አላስገባውም።]