ባለቤቴን ሜኑ ሥር የከተተችብኝ ልጄ

ነገር ሁሉ ካልተደረደረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔማ ወልጄያለሁ! ልጄ አሰላ ኮሌጅ ውስጥ ምግብ ዝግጅት ታስተምራለች። ትምህርቱን ኢንተርኔት ላይ ስታሰናዳ፣ ሟች እናቷ የገብስ ጩኮ በቅቤ ስታሽ በስልክ የቀረጸቻትን ቪዲዮ አስገባችው። ጥሩ! ግን የት? “ምግብ” ከሚለው ሜኑ ሥር “እህል”፣ ከእህል ሥር “ገብስ”፣ ከገብስ ሥር ደግሞ “ባህላዊ”! ፊደል እየለቀምኩ የማነብ ሽማግሌ፣ ሚስቴን ፍለጋ አንዱን በር ስከፍት ሌላ በር ይገጥመኛል። ኧረ በእግሬ ዲክሲስ ከተማ ደርሶ መመለስ ይቀለኛል!

“ልጄ፣ እናትሽን ወደ ፊት አውጪልኝ” አልኳት።

“አባዬ፣ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል እኮ!”

“እንግዳ ሲመጣ እናትሽ ጓዳ ተደብቃ ታውቃለች?”

ልጄ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረገቻት። ትምህርቱ ተበላሸ እንዴ? እኔ እንጃ። አሁን ግን ስልኩን ነካ ሳደርገው ባለቤቴ ትመጣለች። ጩኮውን እያሸች ሳለች እኔ ከደጅ ስጠራት ይሰማል።

“ቆይ፣ መጣሁ!” ትላለች ወደ በሩ ዞራ።

ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔም እጠብቃለሁ።