የጦጢት ቀስትና የሽማግሌዎቹ ምርቃት

ስሙኝማ፣ ዛፍ ሲጠሩት አቤት በሚልበት፣ አውሬ ሁሉ በሚያወራበት ዘመን ነው። በአንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ ጦጢት የምትባል ልጅ እግር እናት ነበረች። ባሏ የሰው በቆሎ ሊሸለቅቅ እንደወጣ ቀርቷል። ያላት አንድ ልጅ፣ ድንቡሼ፣ ከጀርባዋ አይወርድም። እሷም አታወርደውም። ቢያስነጥሰው ብርድ መታው ትላለች፣ ዝም ቢል ሞተብኝ ትላለች።

ከሁሉም የምትፈራው ንስርን ነበር። ንስር በየጠዋቱ ከጫካው በላይ እየዞረ ሕፃን ይመርጣል።

"ቀስት ልግዛ" አለች ጦጢት። "ቅል ሰቅዬ ዒላማ እለማመዳለሁ። አንበጣም አድናለሁ። ንስርንም ከልጄ አርቃለሁ።"

ቀስት ሠሪው ጋሽ ጃርት ነው። ፍላጻውን ከገዛ ጀርባው ይነቅላል። የሱ ቀስት እንደ ድሮው ቀስት አይደለም፤ እንደ ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ ላይ የተጋደመ ነው። አፍንጫው ላይ እግር የሚገባበት እርካብ አለው። እርካቡን ረግጠው ጅማቱን ሲስቡት ይይዛል፣ ምላጩን ሲነኩት ይለቃል።

ጦጢት ጃርት ቤት ሄዳ አንዲት ትንሽ ቀስት አነሳች። እርካቧን ረገጠች፣ ሳበች፣ ቀጭ አለ። ድንቡሼ ከጀርባዋ ሆኖ ሳቀ።

"ይቺ ትሆነኛለች ጋሼ?"

"ክንድሽን ጠይቂው እንጂ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ" አለ ጃርት።

እዚህ ላይ ብትቆም ደግ ነበር። ግን በዚያ ጫካ ወግ አለ፤ የመጀመሪያ መሣሪያ ያለ ሽማግሌ አይመረጥም። "ብቻዋን መረጠች" ከምትባል ልጇን ይዛ አገር ብትለቅ ይሻላታል። ይሉኝታ ያዛትና ላከችባቸው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ዝሆን ሰብሳቢ፣ አያ ጎሽ ምክትል፣ ዝንጀሮ ጸሐፊ ሆኑ። ጸሐፊው መጻፍ አይችልም፣ ግን ቅጠል ይዞ ሲያጎነብስ ያምርበታል።

"ይቺማ የጥርስ መጎርጎሪያ ናት!" አለ ዝሆን ትንሿን ቀስት በኩምቢው አንጠልጥሎ። ጥግ ላይ የቆመውን ትልቁን አንስቶ ሳበው። "ይኸው! እንደ ገለባ ቀላል ነው።"

"ግርማ አለው" አለ ጎሽ። "የኔን ቀንድ ይመስላል።"

"ደግሞስ ትንሽ ይዛ ብትታይ ጎረቤት ምን ይላል?" አለ ዝንጀሮ።

"እኔ እኮ አባቶቼ... ክንዴ..."

"ዝም በይ ልጄ፣ ለአንቺው ነው። ክንድሽ ቀስ እያለ ይለምደዋል።"

እንትፍ እንትፍ ብለው ትልቁን ቀስት መረቁት። ሽማግሌ የተፋበት ነገር ደግሞ አይመለስም። ጦጢት ሁለት ቁና ሾላ ሰጥታ፣ ቀስቱን መሬት ለመሬት እየጎተተች ገባች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እርካቡን በሁለት እግሯ ትረግጣለች፣ ጅማቱ ላይ ትንጠለጠላለች። ጅማቱ ንቅንቅ አይልም። ለዒላማ የሰቀለችው ቅል አንድ ፍላጻ ሳይነካው በስብሶ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ቀስቱ ደጃፏ ላይ ቆሞ ቀረ። አላፊ አግዳሚው "አቤት የጦጢት ቀስት ሲያምር!" ይላል። እሷም "ይመስገን" ትላለች። ምን ትበል?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ንስር መጣ። ማረፊያ ሲፈልግ ከቀስቱ የተሻለ አጣ። ክንፉን ሰብስቦ እላዩ ላይ ቁጭ አለና ድንቡሼን ያይ ጀመር።

"ኡ ኡ! ቀስቱን ሳቡልኝ! ልጄን ሊበላብኝ ነው!"

ጎሽና ዝንጀሮ እየሮጡ ደረሱ።

"መሳብ የሰብሳቢው ነው" አለ ዝንጀሮ ቅጠሉን እያየ። "ሰብሳቢው ደግሞ ወንዝ ወርደዋል።"

"ምክትሉ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለ ጎሽ። "እኔ እስባለሁ። ግን መጀመሪያ ንስሩ ይነሳልኝ።"

"ኧረ አትቸኩሉ፣ ተወያዩበት" አለ ንስር።

ጦጢት ይሉኝታዋን እዚያው ጥላ፣ ድንቡሼን እንዳዘለች ወደ ጃርት ቤት በረረች። ንስርም ተነስቶ ተከተላት። ትንሿ ቀስት ካለችበት አልተነሳችም ነበር። እርካቧን ረገጠች፣ ሳበች፣ ቀጭ! የጃርትን እሾህ አጋደመችባትና ንስር አናቷ ላይ ሲደርስ ምላጩን ነካች። ደረቱን ሳተችው፤ እሾሁ ጭራው ላይ ተሰካ። ንስር እየጮኸ፣ እሾሁን እንዳንጠለጠለ ከተራራው ወዲያ ጠፋ።

ጎሽና ዝንጀሮ ከኋላ ደርሰው አጨበጨቡ።

"አያችሁ የመረቅነውን ቀስት!" አለ ጎሽ። "ግርማው ነው ያባረረው።"

"እናት ሁሉ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀስት እንድትገዛ ተወስኗል" ብሎ ዝንጀሮ ቅጠሉን ጫር ጫር አደረገ። ዝሆንም ከወንዝ ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ "ምራቄ መቼ መሬት ወድቆ ያውቃል!" አለ።

ጦጢት ድንቡሼን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፣ ጆሮውን ሳይቀር ቆጠረች። ከዚያ ትንሿን ቀስት ትከሻዋ ላይ አንግታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

"አባቶቼ፣ ቀስታችሁን ከነምርቃቱ ውሰዱልኝ" አለች። "በየክንዳችሁ ልክ መረጣችሁልኝ፤ ልጁ የታዘለው ግን በኔ ጀርባ ነው።"