«ምንም የለኝም» ያልኩ ቀን

እኛ አገር ያለንን መናገር ነውር ነው። ጎተራው የሞላ ገበሬ እንኳ «ምርት እንዴት ነው?» ቢሉት «ምን ምርት አለ!» ይላል። እናንተም ትላላችሁ፤ አትካዱኝ። የሰው ዓይን ክፉ ነው። መከራው የሚመጣው ጠያቂው ቃላችሁን እንዳለ የወሰደው ዕለት ነው።

ባለቤቴ የሞተችው ዓለም ሁሉ አፉን በሸፈነበት በሽታ ነው። መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና እዚሁ ከተማችን አምበር ላይ ስንቀብራት ድንኳን የለ፣ እዝን የለ። በሳምንቱ አንዲት ወጣት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ጭምብሏን አጥልቃ፣ ርቀቷን ጠብቃ፣ አጥሩ በር ላይ ቆመች። ልጄ እግሬ ሥር ዳዴ ትላለች።

«በማሳደጉ የሚያግዝህ ሰው አለህ?»

«ኧረ ምን ሰው አለኝ።»

«ወተትስ?»

«ምን ወተት አለ።»

ላሜ ከጓሮ እምቧ አለች። ባለሙያዋ ግን የተማረችው ባለጉዳዩን ማመን ነው እንጂ ላሟን አይደለም።

«እንግዲያው ለጊዜው ማርቆስ፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ትቆይ። ነገ መኪና ይመጣል።»

አሁን «አለኝ» ብል ማን ያምነኛል? ልጄን ብድግ አድርጌ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት።

«አልሰጥም!»

«ለእሷው ብለን እኮ ነው» አለች ወደ ኋላ ሸሸት ብላ።

ይኼኔ ጎረቤቴ እትዬ ይርገዱ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ።

«ማነው ሰው የለኝም ያለው? እኔ ሞቻለሁ?»

«እትዬ፣ እንደው ለወጉ ነው…»

«ዝም በል! ጠዋት ገንፎ ያበላኋት፣ ገላዋን ያጠብኳት ማን ሆኜ ነው?»

«ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» አለች ባለሙያዋ።

«ጎረቤት።»

«ዘመድ ማለቴ ነው።»

«ጎረቤት አልኩሽ እኮ!» እትዬ በቁጣ ወደ እሷ ተራመዱ።

«እባክዎ፣ ይራቁ!»

«ምን ያስፈራሻል? ለመሆኑ ሰው ሞቶብሽ ያውቃል?»

ከጭምብሉ በላይ ያሉት ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«እናቴ» አለች። «በቀደም ነው። ማንም አልመጣም። ሥራ ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ።»

እትዬ ይርገዱ ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ርቀታቸውን እንደጠበቁ፣ ሙሾውን ለቀቁት። በየአጥሩ ያለው ሰው ከየደጁ ተቀበላቸው። እኔም ለሚስቴ ያላለቀስኩትን ለማላውቃት እናት አለቀስኩት።

በነጋታው መኪናው አልመጣም። ባለሙያዋ ግን በሚኒባስ መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የሚስቴን ለቅሶ ልትደርስ። ባለጉዳይ ቤት መብላት ክልክል ነው አሉ፤ ለቀስተኛ ግን ሳይቀምስ አይሄድም። ከእኛ ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በላች።

ደንብ ደንብ ነው።