ቁልቁለት በፍሪ

[ጃንዋሪ 2019፣ በረዷማዋ ሴንት ፖል ከተማ። አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ዳገት ጫፍ ላይ ቆሟል። የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ሙላውና ጎንፋ ሊፈተኑበት ነው። ዙሩን ሲጨርስ ከስምንት ፐርሰንት በላይ ባትሪ የበላ ይወድቃል፤ ያለፈው የወደቀውን ያሠለጥናል። ሙላው ከወዲሁ ራሱን አሠልጣኝ ብሎ ሾሟል፤ በጎረቤት ከተማ በብሩክሊን ሴንተር ላሉ ወዳጆቹም አውርቶ ጨርሷል። ፈታኟ አሰፋሽ ከኋላ ተቀምጣ ትጽፋለች።]

ሙላው፦ ጫማህን አድርግ! ቤተ ክርስቲያን የገባህ መሰለህ?

ጎንፋ፦ [የበረዶ ቡትሱን በቀጭን ሸራ ጫማ እየለወጠ] ጋሼ ሙላው፣ በዚህ ቡትስ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ አይቻልም።

ሙላው፦ በእግሩ ጣት የሚያስብ ሾፌር ዛሬ አየሁ!

[ጎንፋ ይነዳል። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ሲያነሳ አውቶቡሱ ራሱን ይዞ ቀስ ይላል።]

ሙላው፦ ምን ያስጎትትሃል? አህያ እንኳ ቁልቁለት ስታገኝ ትሮጣለች!

ጎንፋ፦ ክላስ ላይ የተባለው ነው። ስንወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ባትሪውን ይሞላል።

ሙላው፦ አንተም አመንክ! ቁልቁል እየወረደ የሚሞላ ነገር የት አየህ?

ጎንፋ፦ ወንዝ የወረደ ገንቦ።

ሙላው፦ መንገዱን እይ!

[ዙሩ ያልቃል።]

ጎንፋ፦ ስድስት ፐርሰንት ነው የበላሁት።

ሙላው፦ ተነስ፣ ሾፌር እይ። [ወንበሩን ይይዛል፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ሞተሩን ከጎማው ያላቅቃል።]

ጎንፋ፦ ፍሪ አደረጉት እንዴ?

ሙላው፦ ዓባይ በረሃን ሃያ ዓመት ከነተሳቢው በፍሪ ወርጃለሁ። ያተረፍኩት ናፍጣ ጣናን ይሞላል!

ጎንፋ፦ ይሄ እኮ ናፍጣ የለውም።

ሙላው፦ ሞተር ካልሠራ ምን ይበላል?

ጎንፋ፦ እርስዎ ሞተሩንና ጎማውን አኳረፏቸው። ተኳርፈው ማን ለማን ይሞላል?

ሙላው፦ [ብሬኩን በሙሉ ክብደቱ እየረገጠ] ዝም በል! መብራቱ ቀይ ነው!

[አውቶቡሱ እየተንገጫገጨ ይቆማል።]

ጎንፋ፦ ምንድን ነው የሚሸተው?

ሙላው፦ የሰፈሩ አየር ነው።

[ዳገቱን ወጥተው ይመለሳሉ።]

ሙላው፦ አንብብ። አራት ይላል?

ጎንፋ፦ አሥራ አንድ።

ሙላው፦ ቆጣሪው ተበላሽቷል! አሰፋሽ፣ አንቺ ንገሪው እስቲ።

አሰፋሽ፦ ጋሼ፣ እኔ ፎርም ነው የምሞላው። የአሠልጣኙን ስም ማን ልበል?

[ጎንፋ ጎንበስ ብሎ ቡትሱን ያጠልቃል።]

ጎንፋ፦ ጋሼ፣ ነገ ሲመጡ ቀጭን ጫማ እንዳይረሱ።