ጣሊያን የሚሆን ጠፋ

ጠላት የሚሆን ሰው ማግኘት ከባድ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ ጠላት ሞልቶ የተረፈ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ሶሊ አራተኛ ክፍል ናት። መምህርቷ ታሪክን በጨዋታ ታስተምራለች። ዘንድሮ ልጆቹን የካ ጫካ ወስዳ አርበኛና ጣሊያን አድርጋ ልታዋጋቸው አሰበች። መሣሪያው የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ ጥይቱ አፍ ነው፤ "ጧ!" የተባለ ይወድቃል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከአርባ ሁለቱ ልጆች አርባ ሁለቱም አርበኛ ነን አሉ። እንግዲያው ቢያንስ አንድ ጣሊያን ይኑር ተብሎ ዕጣ ተጣለ። ለማን ወጣ? ለሶሊ።

"አባባ፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም" አለችኝ እያለቀሰች። ልጆቹ ካሁኑ "አንቺ ፓስታ!" ይሏታል አሉ። ፓስታውን እኮ ሁሉም ይበላል።

ይሄኔ ጌጡ ትዝ አለኝ። ጌጡ አብሮ አደጌ ነው። የካ ላይ እንዲህ ቤት ሳይበዛ፣ እኛም እዚያው ጫካ ውስጥ ይህንኑ ጨዋታ እንጫወት ነበር። እኛም ዘንድ ጣሊያን አይገኝም፤ ጌጡ ባይኖር። "ግድ የለም፣ ዛሬ እኔ ልሁን፤ በሚቀጥለው ግን አርበኛነቱ የኔ ተራ ነው" ይላል። የሚቀጥለው ሲደርስም ያው እሱ ነው። አወዳደቁን ባያችሁ! ይንገዳገዳል፣ እናቱን ይጣራል፣ እግሩን ሦስቴ ያራግፋል። እኛ እየጨፈርን ቁልቁል ስንሮጥ እሱ እዚያው እንደተጋደመ ይቀራል። አምና እውነተኛውን ሞት ሲሞት፣ ቀብሩ ላይ ቆሜ አሁን ይነሳል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ሞኝነት ነው። ግን ሰው የለመደውን ያምናል።

ለመምህርቷ ደወልኩ። ጣሊያን ተገኝቷል አልኳት።

"ስንተኛ ክፍል ነው?"

"ጡረታ የወጣ ነው።"

ቅዳሜ ዕለት አርባ ሁለት አርበኛ፣ ሶሊ ከፊት ሆና፣ ዘመተብኝ። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ ቢሆንም ከጌጡ አወዳደቅ አንዱንም አላጎደልኩም። ተንገዳገድኩ፣ እናቴን ተጣራሁ፣ እግሬን ሦስቴ አራገፍኩ። ልጆቹ እየጨፈሩ ቁልቁል ወረዱ። እኔ ቀረሁ። የባሕር ዛፉ ጫፍ ሰማዩን ይጠርጋል። ጫጫታው ይርቃል፤ ከሩቅ የመገናኛ ታክሲ ጥሩምባ እንደ ዝንብ ይሰማል። ለካ ጌጡ ለብቻው ይበላው የነበረው ይህን ነው!

"ጌጡ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

የመለሰችልኝ ሶሊ ናት። ከድሉ መሀል ተመልሳ፣ ደንግጣ ቆማለች። "አባባ፣ ጨዋታው እኮ አልቋል። ይነሱ በቃ!"

ሰኞ መምህርቷ ደወለች። "አባባ፣ ጉድ ሠሩን!" አለች። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ሲንገዳገዱና እናታቸውን ሲጣሩ ዋሉ አሉ። አሁን አርባ ሁለቱም ጣሊያን ካልሆንን ብለዋል። አርበኛ የሚሆን ጠፋ።

ጌጡን መጥራት ይሄኔ ነበር። ተራው ደርሷል።